በብርድ ወራት ጮቄንና ዘንገናን ሳይጎዱ ለመጎብኘት፦ ምክራችሁን እሻለሁ

ጠያቂ፦ የማርቆሷ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ።

ደብረ ማርቆስ ከተማ በማስተማር ሥራ ላይ ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼና ከልጆቻችን ጋር በመጪው ታኅሣሥ ወይም ጥር ወደ ጮቄ ወጥተን አንድ ሌሊት ለማደር፣ ከዚያም በእንጅባራ በኩል ዘንገና ሐይቅን አይተን ለመመለስ አስበናል። ሐሳቡን የጫሩት ልጆቹ ናቸው። ከባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻቸው በተራሮች መካከል ባለ ሐይቅ ዳር በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሳይ ምስል ይልኩላቸዋል፤ በአገር ቤት ደግሞ ጮቄ በረዶ ጥሎበት ነጭ ሲለብስ የተነሡ ፎቶግራፎችን በስልክ ይቀባበላሉ። «የእኛም ተራራ በረዶ ካለው ለምን አንሄድም?» ሲሉ መልስ አጣንላቸውና ለመሄድ ተወሰነ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከተመለስን በኋላ እዚያ የሚቀረው ነገር ነው። ሰው በብዛት በሚያርፍባቸው የመንገድ ዳር ሜዳዎች ላይ የውኃ ፕላስቲክ፣ የእሳት አመድና የተቆረጠ የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ማየት እየተለመደ መጥቷል። ጮቄ ደግሞ መዝናኛ ከመሆኑ በፊት የውኃ ማማ ነው፤ የጨሞጋ፣ የሙጋ፣ የሱሃና የጀደብ ወንዞች የሚነሡት ከዚያው ነው። ስለዚህ ከወቅቱ ምርጫ ጀምሮ ስለ ማደሪያው፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ መኪናው፣ እንዲሁም ለመናገር ቢያሳፍርም ስለ መጸዳጃው ምን ብናደርግ ይሻላል? በረዶ በሚዘወተርባቸው አገሮች ሐይቅና ተራራ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት፣ ለእኛም የሚሆን ሥርዐት ካለ የምታውቁት ብትጽፉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ባለጓሳው

መምህርት፣ ከጉዞው በፊት መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል። ተወልጄ ያደግሁት ከጮቄ ሥር ባለው በስናን ወረዳ ነው፤ አሁንም በግብርና ሙያ የምሠራው በዚያው አካባቢ ስለሆነ የማውቀውን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልዎ።

ልጆቹ በፎቶግራፍ ያዩት በረዶ የሚጥለው በዝናቡ ወራት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ መንገድ ያስታል፣ መሬቱ እግር ይውጣል፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ መብረቁ የሚያስፈራ ነው። ልጆች ይዞ ለሚወጣ ሰው ይህን ወቅት አልመክርም። እርስዎ የመረጧቸው ታኅሣሥና ጥር የተሻሉ ናቸው፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ሲነጋ የጓሳው ሣር በውርጭ ነጥቶ፣ በየጉድጓዱ ያቆረው ውኃም ረግቶ ይገኛል። ልጆቹ ይህን ለማየት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሜዳው ላይ መሆን አለባቸው፤ ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ የሚቀረው እርጥበቱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጎብኚዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ፤ ከምጽፈው ሁሉ ዋናው እርሱ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይበት። በጮቄ አናት ላይ በበጋ ሌሊቶች በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋና የላይኛውን አፈር እንደ መርፌ በቀጠኑ የበረዶ ዘንጎች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ አፈሩ ልል ሆኖ ይቀራል። ጓሳው ሥሩን ዘርግቶ እስከያዘው ድረስ ይህ ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ሰው በተደጋጋሚ ረግጦ፣ ወይም መኪና ወጥቶበት ሣሩ ከተላጠ፣ የተራቆተው አፈር በየሌሊቱ ስለሚነቀል አዲስ ቡቃያ ሥር ለመስደድ ፋታ አያገኝም። ከዚያ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያንን ልል አፈር ጠርጎ ይወስደዋል፤ ጥቂት ክረምቶች ሲያልፉ የእግር መንገድ የነበረው ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ ከብቱና ገበሬው በሚሄዱበት ነባር መንገድ ላይ አንዱ በሌላው ኋላ ተሰልፋችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ መሄድ ደስ ይላል፤ መንገዱን ግን ያሰፋዋል። ከሁሉ በላይ ውኃ በሚያቁረው ጨፌ ላይ አትለፉ፤ ወንዞቹን በበጋ የሚያጠጣቸው እዚያ የሚጠራቀመው ውኃ ነውና።

ጅብራውን ልጆች ሲያዩ መውጣት፣ መነቅነቅና ቅጠሉን መገንጠል ያምራቸዋል። ይህ ተክል ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ያድግና በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሳያብብ የተሰበረ ጅብራ ዘር ሳይተካ ቀረ ማለት ነው። ሲመሽ ግን ልብ ብለው እንዲያዩት ያድርጓቸው፤ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ መካከለኛውን እምቡጥ ከውርጩ ይጠብቃል፤ በማግስቱ ፀሐይ ሲነካው መልሶ ይዘረጋቸዋል። ከመጽሐፍ ከሚማሩት ይልቅ ይህን አይረሱትም።

እሳትን በተመለከተ፣ እባክዎን ምንም እንጨት አይንደድ። አስታው በብርዱ ምክንያት የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው። የአካባቢው ልጆች እንጨት ተሸክመው ሊሸጡላችሁ ይመጣሉ፤ አዝኖ መግዛት ደግ ሥራ ቢመስልም ነገ ሌላ ለመቁረጥ ማዘዝ ነው። በምትኩ ድንች፣ እንቁላል፣ ወተት ይግዟቸው። ለሌሊቱ ቡታጋዝ ይዛችሁ ብትመጡ ሻይና ሾርባ ለማፍላት ይበቃል፤ ለቀኑ ደግሞ በፔርሙዝ ሻይ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ከተያዘ እሳት አያስፈልግም። አባቶቻችን ሩቅ አገር ሲዘምቱ በሶ የቋጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለ መጸዳጃው ማፈር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሰው ሳይጠይቅ የሚሄደው ስለዚህ ጉዳይ ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ በቆላ በወራት የሚበሰብሰው ነገር ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ከሥር ያለው ምንጭ ደግሞ የሰው መጠጥ ነው። በመንገዳችሁ ባለችው ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ ሳላችሁ ሁሉም ሰው መጸዳጃ እንዲጠቀም አድርጉ፤ ከዚያ በላይ የምታድሩበትን ቤት መጸዳጃ ተጠቀሙ። በመካከል ቢያስገድድ ከምንጭና ከጅረት ቢያንስ መቶ እርምጃ ርቆ፣ ጓሳውን ከነሥሩ በአንድ ላይ አንሥቶ፣ ቆፍሮ፣ መልሶ በነበረበት መሸፈን ይገባል። ወረቀቱና የሕፃናት ዳይፐር በፌስታል ታስሮ ወደ ከተማ ይመለሳል።

ለማደር ድንኳን በጓሳው ላይ ከመትከል ይልቅ ከሰው ቤት ማረፍን አስቀድሙ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ ይህ ዓይነቱ ስም ትርጉም የሚኖረው የእንግዳው ገንዘብ ከገበሬው ጓዳ ሲደርስ ነው። አስቀድመው ከቀበሌው ጋር ተነጋግረው፣ ዋጋውንም ተስማምተው ይውጡ። በዚያውም የመንገዱን ሰላም ያጣሩ።

በመጨረሻም ደብረ ማርቆስ በ2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በመኪና ያንን ያህል በአንድ ጊዜ መውጣት ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል። ልጆቹ እንዳይሮጡ፣ ውኃ በብዛት እንዲጠጡ፤ ሕመሙ ከጠናም ወዲያው ወደ ታች ይውረዱ።

መልስ፦ ከሲየራ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ የሞጣ ልጅ ስሆን አሁን የምኖረው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ግዛቶች ድንበር አካባቢ ነው። መምህርት ዘመዶች ላኩት ያሉት ቪዲዮ ከዚህ አካባቢ ባይሆን እንኳ ታሆ ከሚባለው ሐይቅ ጋር ሳይመሳሰል አይቀርም፤ ስለዚህ የማውቀውን ሐይቅ ልንገራችሁ።

ታሆ ከባሕር ወለል በላይ 1,897 ሜትር ላይ ይገኛል። ከጣና የሚበልጠው በመቶ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ከደብረ ማርቆስ ግን እጅግ ዝቅ ይላል። ታዲያ እዚያ ብዙ ሜትር በረዶ የሚከመረው፣ ጮቄ ደግሞ በ4,000 ሜትር ላይ በጥር ደርቆ የሚታየው ለምንድን ነው? የታሆ ዝናብ የሚመጣው በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በመሆኑ ብርዱና እርጥበቱ ይገናኛሉ። በጎጃም ዝናቡ የሚመጣው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ብርቱው የሌሊት ብርድ ደግሞ ሰማዩ ደመና በሌለው በበጋ ይመጣል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ ልጆቹ ከታሆው ጋር የሚመሳሰል ነገር ጠብቀው እንዳይወጡ አስቀድመው ያስረዷቸው፤ ውርጩን በራሱ ውበት ቢወዱት ይሻላል።

አሁን ወደ ሥርዐቱ ልምጣ። ታሆ 501 ሜትር ጥልቀት አለው፤ 63 ጅረቶች ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን ትራኪ የሚባለው አንድ ወንዝ ብቻ ነው፤ እርሱም ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ ባለ ሌላ ሐይቅ ይቀራል። የገባ ነገር ቶሎ የማይወጣበት ሐይቅ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ነጭ ሳህን ወደ ውኃው እያወረዱ እስከ ስንት ሜትር እንደሚታይ ሲለኩ ኖረዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ እስከ 31 ሜትር ይታይ የነበረው ሳህን በቅርብ ዓመታት 20 ሜትር ገደማ ላይ ይጠፋል። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ዋነኛው ከመንገድና ከከተማ በጎርፍ ተጠርጎ የሚገባው እጅግ የላመ ደለል ነው። በብርዱ ወራት መኪና እንዳይንሸራተት በመንገድ ላይ አሸዋ ይበተናል፤ ጎማው አሸዋውን ይፈጨዋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ያ ዱቄት ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ከዚህ የተማርሁት፣ በበረዶው ላይ ከሚንሸራተተው ሰው ይልቅ ያ ሰው የመጣበት መኪናና መንገድ ሐይቁን የበለጠ እንደሚጎዳ ነው። በዚህም ምክንያት በሐይቁ ሰሜን በኩል የሕዝብ አውቶቡስ ያለ ክፍያ ያጓጉዛል፤ አንዳንድ የመንሸራተቻ ቦታዎች ደግሞ በሚጨናነቁባቸው ቀናት አስቀድሞ የመኪና ማቆሚያ ያልያዘን ሰው አያስተናግዱም። ሁለቱ ግዛቶች ለብቻቸው ቢቀሩ አንዱ በሌላው እያሳበበ ሐይቁ ይጠፋ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1969 በውል የጋራ መሥሪያ ቤት አቋቁመው፣ ግንባታን የሚፈቅደውና የሚከለክለው እርሱ ሆነ። ለጮቄ ዙሪያ ወረዳዎች ይህ የሚታሰብበት ይመስለኛል፤ ተራራው አንድ ሆኖ አስተዳዳሪው ብዙ ነውና።

ባለጓሳው በነባር መንገድ ላይ ብቻ ሂዱ ያሉትን በሚመለከት አንድ ልዩነት ልጨምር። በታሆ በረዶው ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ሲከመር ሥሩ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ ስለሚሸፍነው፣ ተጓዡ ሰፊ የበረዶ ጫማ አድርጎ ከመንገድ ቢወጣ ምድሩን አይነካውም። እንዲያውም በረዶው ሲሳሳ ነው ከመንገድ እንዳይወጣ የሚመከረው። በጮቄ የሚጥለው በረዶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስስ፣ ቶሎ የሚቀልጥ፣ ከሥሩም ውኃ የጠገበ አፈር ያለው ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ቪዲዮ ያዩትን በነጩ ሜዳ ላይ እንደ ልብ መሮጥ ጮቄ ላይ መድገም ሣሩን ከአፈሩ ጋር ማቡካት ይሆናል። እዚያ ጥፋት የሌለበት ጨዋታ እዚህ ጥፋት አለበት።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ነገር የፕላስቲክ መንሸራተቻ ነው። በታሆ ዙሪያ ቤተሰቦች ርካሽ የፕላስቲክ መንሸራተቻ ገዝተው ወደ ዳገቱ ይወጣሉ፤ በብርዱ የተሰነጠቀው ፕላስቲክ ይሰባበራል፤ ስብርባሪው በረዶ ውስጥ ይቀበርና በጸደይ ሲቀልጥ ሜዳው ላይ ይገኛል፤ በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ የሚለቅሙት ይህንን ነው። አደራ፣ ለልጆቹ በጆንያም ሆነ በፕላስቲክ ጓሳው ላይ እንዲንሸራተቱ አይፍቀዱላቸው።

መልስ፦ የዘንገና ጎረቤት

እትዬ መምህርት፣ ስለ ጮቄ በቂ ተብሏልና እኔ ስለ ሐይቁ ልናገር። ዘንገና በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ጣና በጥልቅ ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን ዘንገና ግን 166 ሜትር ይወርዳል፤ ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ ሐይቅ ይህ ምን ያህል ቀጥ ያለ ግድግዳ እንዳለው ልብ ይበሉ። ከዳር ጥቂት እርምጃ ገብቶ እግር መሬት ያጣል፤ ውኃውም ይቀዘቅዛል። ዋና የሚችል ልጅ እንኳ እንዳይገባ አደራ እላለሁ።

ከጣና የሚለየው ሌላው ነገር ዓባይን የመሰለ መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ከላይ ስለ ታሆ እንደተነገረው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ታሆ አንድ ወንዝ እንኳ አለው። ስለዚህ በሳሙና መታጠብ፣ ዕቃ ማጠብ፣ በተለይም አሽከርካሪዎች ከዳር ቆመው መኪና ማጠባቸው ሊከለከል ይገባዋል። የእናንተን አሽከርካሪ ከመነሻው ይንገሩት።

ስለ እምቦጭ የምትሰሙት ሁሉ ጣናን የሚመለከት ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያ አረም ዓሣ አጥማጁንም ገበሬውንም እንዴት እንዳስጨነቀ የታወቀ ነው። የእኔ ስጋት አንድ ሰው ከባሕር ዳር በኩል ሲመጣ እርጥብ መረብ፣ የጀልባ ዕቃ ወይም «አበባው ያምራል» ብሎ የቀጠፈውን እምቦጭ ይዞ ዘንገና ዳር እንዳይደርስ ነው። በመንገድ ዳር በባልዲ ተተክሎ የሚሸጥ ቢያገኙም አይግዙ። የታሆው ወንድማችን እዚያ ጀልባ ሁሉ ወደ ውኃው ሳይገባ እንደሚፈተሽ ቢያስረዱን ጥሩ ነበር።

በሐይቁ ዙሪያ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ጦጣና ወፍ የሚኖርበት ነው። ጦጣዎቹን ዳቦና ሙዝ መስጠት ልጆችን ቢያስደስትም እንስሳቱ ከሰው እጅ መንጠቅ ይለምዳሉ፤ ከዚያም ወደ ገበሬው ማሳ ይወርዱና ድንጋይ ይከተላቸዋል። ድምፅ ማጉያም አትያዙ። ሰው ሙዚቃ ለመስማት እንጅባራ ከተማ ውስጥ ቦታ አያጣም።

ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ስለሚከበር በዚያ ብትደርሱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን አልጋ አይገኝም፣ ሐይቁም በሰው ይጨናነቃል፤ ስለዚህ በዓሉን አይታችሁ ሐይቁን በማግስቱ ማየት ይሻላል።

መልስ፦ ከሲየራ ማዶ

የጀልባውን ጉዳይ ስላነሡ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፤ በታሆ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሞተር የሚሠራ ማንኛውም ጀልባ ሳይፈተሽ ወደ ውኃው አይገባም። የሚፈራው ከጀልባ ሆድ ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ አነስተኛ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ነው፤ አንዴ ከገባ ማስወጣት አይቻልምና። የፍተሻው ሐሳብ ቀላል ነው፦ መጥረግ፣ ውኃውን ማፍሰስ፣ ማድረቅ። ለመረብና ለፕላስቲክ ጫማም ያው ይሠራል።

መልስ፦ የገበሬ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጮቄን የጎዳው ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ የሚመለስ የከተማ ሰው አይደለም። የገብሱ እርሻ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ እየወጣ ጓሳውን እየበላው ነው፤ ቀርቀሃውና ደኑ ወደ ባሕር ዛፍ ተለውጧል፤ ከብቱ ከአቅሙ በላይ ይሰማራበታል። ታዲያ የእርሻውን ነገር ትቶ ስለ አንድ ፌስታል ይህን ያህል መጨነቅ ዋናውን መሳት አይሆንም ወይ? ገበሬውም ምርጫ ስላጣ እንጂ ውርጭ በሚመታው ዳገት ላይ ገብስ መዝራት ወዶ አይደለም።

መልስ፦ ባለጓሳው

ወንድሜ፣ ስለ እርሻው ያልኸው እውነት ነው፤ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ስለሆነ አልከራከርህም። መሬት የሌለው ወጣት ወደ ላይ እንዳይወጣ ማድረግ የሚቻለው ከታች ሌላ እንጀራ ሲኖረው ነው፤ ይህም የድንች ምርጥ ዘርን፣ የእርከን ሥራን፣ የአፕል ችግኝን፣ የከብት መኖን የሚጠይቅ የመንግሥትና የሕዝብ ሥራ ነው። መምህርቷ ግን እርሻውን እንዲያቆሙ አልተጠየቁም፤ የጠየቁት በእጃቸው ስላለው ጉዞ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ግን አለ። ጓሳው ከእርሻ ተርፎ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ጓሳ ሆኖ መቆየቱ ለባለ አገሩ ጥቅም ማምጣት አለበት። እንግዳ መጥቶ ቤት ሲከራይ፣ ፈረስ ሲከራይ፣ መንገድ መሪ ሲቀጥር፣ ያ ገበሬ «ይህን ዳገት ከማርሰው ይልቅ ቢቀመጥ ይሻለኛል» ለማለት የመጀመሪያ ምክንያት ያገኛል። ብዙ ነው አልልም፤ ለጥቂት ቤተሰቦች ግን ይሆናል። እንግዳው ምግቡን ሁሉ ከማርቆስ ጭኖ፣ መንገድ መሪ ሳይዝ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቆሻሻውን ጥሎ ከተመለሰ ግን አንተ እንዳልኸው ለተራራው ከንቱ ነው፤ ጉዳቱ ግን የራሱ ጉዳት ሆኖ ይደመራል።

መልስ፦ የማርቆሷ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን በየግል መኪናችን መሄዱን ትተን አንድ ቅጥቅጥ ለመከራየት ወስነናል። ከሮብ ገበያ በላይ በሰው ቤት እናድራለን፤ ጠዋት ውርጩን ለማየት ግን በመንገድ መሪ ከመንደሩ ተነሥተን በእግር እንወጣለን። እንጨት እንደማንገዛ፣ ድንችና ወተት ግን እንደምንገዛ ለልጆቹ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጅብራው ሲመሽ ቅጠሉን የሚሰበስበውን ለማየት ደግሞ ከበረዶው ይልቅ ጓጉተዋል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ዘንገና ላይ ልጆቹን ለአጭር ጊዜ ፈረስ ላይ ለማስቀመጥ አስበናል፤ ይህ ደኑን ይጎዳል ወይ? ከማንስ ጋር መነጋገር ይገባናል?

መልስ፦ የዘንገና ጎረቤት

እትዬ፣ ፈረሱ በሜዳውና በመኪና መንገዱ ዳር ከሆነ ምንም አይደለም፤ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቁልቁለት ግን አይሆንም፤ ኮቴው አፈሩን እየናደ ወደ ውኃው ይሰደዋል፣ ለልጅም አደገኛ ነው። ባለ ፈረሶቹን በዚያው ታገኟቸዋላችሁ፤ ሂሳቡን ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ገንዘቡንም ለአገናኝ ሳይሆን ፈረሱን ለሚስበው ሰው በእጁ ስጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ኮርቻው ሥር ቁስል አለመኖሩን ተመልከቱ፤ የቆሰለ ፈረስ ካያችሁ ሌላ ይምጣልን በሉ፤ ባለቤቱ አይቆጣም፤ ለነገው እንግዳም የዳነ ፈረስ ይዞ ይመጣል። በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ስለሚበዛ ከሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል።